በዐዳይ ላይ ሳይቀባ የቀረው

ግቢያችን የገባ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። ግድግዳው ጥግ ላስቲክ ለብሳ የቆመችውን አሮጌ ሞተር ሳይክል ገልጦ ያይና፣ «እንዲህ አሳምረህ ቀብተህ ስታበቃ፣ የቤንዚን ታንኩ ላይ መዳፍ የምታክል ቦታ ለምን ባዶ ተውክ? ቀለም አለቀብህ?» ይለኛል። እኔ ደግሞ ሰው ፊት አፌ ይተሳሰርብኛል። «እ... እንዲያው ነው» እላለሁ። ጠያቂው ስቆ ይሄዳል።

ባለቤቴ ሙሉመቤት አንድ ቀን ይህን ሰምታ፣ «መናገር ካቃተህ ጻፈው፤ ወረቀት አያፈጥብህም» አለችኝ።

የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። የቀለም ቁጥር ከመጻፍ በቀር እስክሪብቶ ብዙ አልያዝኩም። የተሳሳተ ፊደል ካለ ይቅር በሉኝ። ታሪኩ የአዴር ሂርሲ ስለሆነ እንዳላበላሸው እፈራለሁ። አንድ ጊዜ አበላሽቼዋለሁና።

አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው። ጅጅጋ ውስጥ ትልቅ ሰው የሚጠራው እንዲህ ነው፤ ሶማሌ ያልሆንነውም እንደዚያው እንላለን። እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። እዚህ ከመጣሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ሥራዬ ባትላሜራ ነው፤ የተጨፈለቀ የመኪና አካል ቀጥቅጬ አቃናለሁ፣ ያልቃናውን በስቱኮ ሞልቼ እቀባለሁ። በ2010 መጨረሻ ላይ ከተማው በታወከ ጊዜ የምሠራበት ጋራዥ ባለቤት ጠቅልሎ ሄደ። ብዙ የማውቀው ሰው ሄደ። እኔና ሙሉመቤት ቀረን። ለምን ቀራችሁ ብትሉኝ ይህንንም በደንብ አልመልሰውም። የት እንደምንሄድ ስላላወቅን ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ የምሠራው እቤቴ፣ ግቢዬ ውስጥ ነው።

አዴር ሂርሲ ጎረቤታችን የሆኑት በድርቁ ጊዜ፣ በ2014 ነው። ከደገሀቡር ወዲያ ካለው ሜዳ ከልጃቸው ከዋርዳ ጋር በአይሱዙ መጡ። ዕቃቸው ሁለት ምንጣፍ፣ ጥቂት ጀሪካን፣ አንድ የውሃ በርሜልና በገመድ የታሰረች የዛገች ሞተር ሳይክል ነበረች። ሲያወርዷት አዴር በምርኩዛቸው የመኪናውን ጎን እየመቱ፣ «ቀስ። ቀስ። እሷ አሮጊት ናት» ይሉ ነበር።

የአይሱዙው ረዳት፣ «አዴር፣ ይህን ብረት ምን ያደርጉታል? ለቁራሌው ይስጡት» አላቸው።

«አንተንም እናትህ ለቁራሌው አልሰጠችህም» አሉት።

የወደድኳቸው ያን ጊዜ ነው።

ግመል ነበራቸው። ስንት እንደነበረ አልጠየቅኩም። ሰውን የግመሉን ቁጥር መጠየቅ እዚህ ነውር ነው። የቀረ እንደሌለ ግን ዋርዳ ነግራናለች። እሷ ጠዋት ጠዋት ከገጠር በመኪና የሚመጣ የሌላ ሰው የግመል ወተት ተቀብላ ገበያ ወስዳ ትሸጣለች። አዴር ደግሞ በራቸው ላይ ካለች ድንጋይ ተቀምጠው ወደ ደገሀቡር መንገድ ያያሉ። ደመና ካለ ደመናውን ያያሉ። ከሌለም ያያሉ።

አንድ ቀን የሚኒባስ በር ስቀጠቅጥ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ሰው ሲያየኝ መዶሻው ይስተኛል። እሳቸው ግን ሲያዩ አይከብዱም። የተቃናውን ጎን በእጃቸው ዳሰው፣

«ባህሩ፣ አንተ ብረት ታክማለህ» አሉኝ።

«እሞክራለሁ፣ አዴር።»

«ዐዳይን ታድናታለህ?»

«ዐዳይ ማን ናት?»

በምርኩዛቸው ወደ ሞተር ሳይክሏ ጠቆሙ። «እሷ ናት። መንገዱን ታውቃለች። እኔ ደግሞ ሜዳውን ማየት እፈልጋለሁ።»

ዐዳይ ማለት ነጣ ያለች ማለት ነው። ሞተር ሳይክሏ ያኔ ከዝገት በቀር መልክ አልነበራትም። ስሙ ግራ ቢገባኝም አልጠየቅኩም። አለመጠየቅ የኔ በሽታ ነው። ያን ቀን ብጠይቅ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

የጃፓን ሥራ ናት፤ ዕድሜዋ ከኔ ቢያንስ በጥቂት ነው። አዴር ያገኟት ድሮ፣ በስደተኞች መጠለያ ይሠራ ከነበረ ሰው ነው። ዘይት ከቤንዚን ጋር ተበጥብጦ የሚሰጣት ዓይነት ናት። የዛሬ ሞተር ነጂዎች ይህን አያውቁም፤ ቤንዚን ብቻ ጨምረው ነድተው ያቃጥሏታል። እኔም ሙያዬ የላይኛው አካል እንጂ የውስጡ ስላልሆነ እየፈራሁ ነው የፈታኋት። ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ቀርቷል። ናፍጣ ሞልቼ ሁለት ሳምንት አስተኛሁትና በእንጨት መታ መታ ሳደርገው አንድ ጠዋት ለቀቀ። የፒስተን ቀለበት ጅጅጋ ጠፋ፤ ወደ ዋጃሌ ድንበር የሚመላለስ ሰው ከአንድ ወር በኋላ አመጣልኝ። ካርቡራቶሩን በስልክ ሽቦ ጠረግኩት።

የአዴር ቀኝ እግር አይታጠፍም። ስለዚህ መቀመጫውን ዝቅ አደረግኩላቸው፣ የቀኙን እግር መርገጫ ቆርጬ ወደ ፊት በየድኩት፤ ሲነዱ እግራቸውን ዘርግተው ነው። ዋርዳም የምትጭነው ወተት ስላላት ከኋላ ለሁለት ጀሪካን የሚበቃ መደርደሪያ ሠራሁ። ማንም አላዘዘኝም። እያሰብኩ ስሠራ እየጨመርኩ ሄድኩ።

አዴር በየቀኑ ይመጣሉ። ከተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። አንድ ቀን ሙሉመቤት ሻይ ይዛላቸው መጥታ፣

«አዴር፣ ይህ ሰው ከኔ ይልቅ ከዐዳይ ጋር ነው የሚውለው» አለቻቸው።

«ታገሺ» አሉ። «ጥሩ ጣውንት ናት። አትናገርም። ልብስ ግዛልኝ አትልም።»

«እኔስ መቼ አልኩ?»

«አላልሽም?» ወደኔ ዞሩ። «ባህሩ፣ አንተ ሞኝ ነህ። ሁለቱም ልብስ አይጠይቁም፣ አንተ ግን አንዷን ብቻ ትቀባለህ።»

ሙሉመቤት እየተንከተከተች ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ብዙ የምስቅ ሰው አይደለሁም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣች ዕለት ግቢው በሰማያዊ ጭስ ተሞላ። ጎረቤት ምን ተቃጠለ ብሎ ወጣ። ድምፅዋ የዛሬዎቹን አይመስልም፤ ቀጭንና የሚያስነጥስ ነው። አዴር ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ምርኩዛቸውን መሬት ጥለውት ነበር፤ እኔ ነኝ ያነሳሁት።

ከዚያ በኋላ የቀረው ቀለም ነው። በዚያ ሳምንት ኤረር ያለ ዘመዳቸው ሞቶ አዴር ለቅሶ ሄዱ። ሲሄዱ፣ «ቀለሙን አንተ ታውቃለህ። ነጭ ይሁን» አሉኝ። ሌላ ነገር አላዘዙኝም።

ታንኩን ነቅዬ አስቀመጥኩት። በግራ በኩል፣ ከጉልበት ከፍ ብሎ፣ ጉዳት ነበረበት። ሁለት ወደ ታች የወረዱ ጭረቶች፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር፤ አጠገባቸው እንደ ማጭድ የታጠፈ ሌላ። ዳር ዳሩ ብረቱ ተነሥቶ ሹል ሆኗል። ስለታም ነገር የወደቀበት መሰለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት እንዲህ ያለ ጉዳት ነው፤ የሰው መኪና ላይ ሳየው እንኳ እጄን ያሳክከኛል። ሹል ሹሉን በግራይንደር በላሁት። ስቱኮ ሞላሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ላግኩ፣ እንደገና ሞላሁ። በስተመጨረሻ ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ብፈልገው ቦታውን አጣሁት። በሥራዬ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ሦስት ዙር ነጭ ቀለም ረጨሁባት።

አዴር ሲመለሱ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ጠበቀ። ላስቲኩን ገለጥኩ። ሰው «ማሻአላህ» አለ። አዴር ቀረቡ። መሪዋን ነኩ፣ መቀመጫውን ነኩ፣ የተዘረጋውን መርገጫ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ግራ እጃቸውን ታንኩ ላይ አሳረፉ። እጃቸው ወደ ፊት ሄደ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ወደ ታች ወረደ።

«እጄን የት ላድርግ?» አሉኝ።

«መሪው ላይ ነዋ፣ አዴር» አልኩ።

ሰው ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። «እውነት ነው። መሪው ላይ። ሙሽራ አደረግካት፣ ባህሩ፤ እጅህ ይባረክ።» ቁልፉን ስሰጣቸው መልሰው መዳፌ ውስጥ አደረጉት። «ዛሬ ነፋስ ነው። ነገ እነዳታለሁ።»

በማግስቱ አልመጡም። በሦስተኛውም ቀን። ድንጋያቸውም ላይ አልነበሩም።

በአራተኛው ቀን ዋርዳ ወተት ልታቀብለን መጣች። ሙሉመቤት አባትሽ አሟቸው ወይ ብላ ጠየቀቻት። ዋርዳ ወደኔ አየችና ጀሪካኗን መሬት አስቀመጠች።

«ወንድም ባህሩ፣ አትዘን። አንተ አላወቅክም። ታንኩ ላይ የነበረው የኛ ምልክት ነው።»

«የምን ምልክት?»

«የግመሎቻችን። በጋለ ብረት የምናደርግባቸው። አንገታቸው ላይ።»

ቁጭ አልኩ። ቀጥላ የነገረችን ይህ ነው።

እናቷ ሙና ይባሉ ነበር። ዐዳይ የሳቸው ግመል ነበረች፤ ሲያገቡ አባታቸው የሰጧቸው፣ ነጣ ያለች፣ ወተቷ የማይነጥፍ። ከዋርዳ በፊት የተወለደ ወንድ ልጅ ነበራቸው። ታመመና በግመል ጭነው ወደ ደገሀቡር ሐኪም ቤት ሲሄዱ መንገድ ላይ አረፈ። ዋርዳ ስትፀነስ ሙና ባላቸውን፣ «ዐዳይን ውሰድና ያቺን የምትሮጥ ብረት አምጣልኝ። ሆዴ ያለው ልጅ መንገድ ላይ አይሞትም» አሏቸው። ያ የስደተኞች መጠለያ ሠራተኛ ግመሏን ተቀብሎ ሞተር ሳይክሏን ሰጠ። ዐዳይ እየተነዳች ስትሄድ ሙና ታንኩን አስፈትተው፣ ቤንዚኑን አስደፍተው፣ ጭናቸው ላይ አድርገው በመሮና በድንጋይ ምልክቱን መቱበት። ምልክት የሌለው ከብት ይጠፋል ብለው፤ የግመሏንም ስም ሰጧት። ሁለቱ መስመሮች እኩል መሆን ነበረባቸው። የሙና እጅ ግን አንዱን አስረዘመው፤ ዓይናቸው ከግመሏ ላይ ነበር።

«እናቴ የሞተችው በ2012 ነው» አለች ዋርዳ። «አባቴ ሲነዳ ሜዳው ላይ መሪውን ባንድ እጅ ይዞ ግራውን እዚያ ያደርጋል። ሁልጊዜ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ሳየው ነው ያደግኩት።»

«ተቀየሙኝ?»

«አልተቀየመህም። ‹ግመል ኖሮት አያውቅም፣ ከየት ያውቃል› ነው ያለው። ለምልክቱ ቢሆን እኮ አሸዋ ላይ ይሥለዋል። የእናቴ እጅ ግን የትም የለም።»

ከሄደች በኋላ ሙሉመቤት ዐዳይ አጠገብ ሄዳ ቆመች። ከዚያ፣ «ስቱኮ ብቻ ከሆነ ያስቀመጥክበት ይነሣል አይደል?» አለችኝ። ግራይንደሩን አልነገርኳትም። ሹል ሹሉን ስበላው የበረረው የእሳት ፍንጣሪ ነበር ዓይኔ ላይ የመጣው። ጭረቱ ጥልቅ ከነበረ ተርፏል። ካልነበረ የሰውየውን ሚስት እጅ በአንድ ደቂቃ አቧራ አድርጌዋለሁ።

ታንኩን ነቅዬ ቤት አስገባሁት። በማሽን አልደፈርኩም። ብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራስኩ በጣቴ ብቻ ላግኩ። መጀመሪያ ነጩ ሄደ። ከስሩ መደብ የሆነው ግራጫ ቀለም መጣ። ከዚያ ስቱኮው። ስቱኮው ላይ ስደርስ ወረቀቱንም ትቼ በጥፍሬና በጥርስ መጎርጎሪያ አደረግኩት። ሦስት ቀን ሌላ ሥራ አልነካሁም። በሁለተኛው ቀን ማጭዷ ወጣች፤ ጎድጎድ ብላ፣ ሙሉዋን። ሙሉመቤትን ጠራኋት። «ደግሞ ይቺን አይተህ ጉዳት አልክ?» ብላ ራሷን ያዘች። በሦስተኛው ቀን ረጅሙ መስመር ወጣ። አጭሩ ግን ጫፍና ጫፉ ብቻ ነው የተገኘው። መሀሉ ለስልሷል። በወረቀት ብፈትግ፣ ውሃ ብጨምር፣ የሚወጣ ነገር የለም። እኔ ነኝ የበላሁት።

መሮ አወጣሁ። ሁለቱን ጫፍ ማገናኘት ለኔ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ማንም አይለየውም። መሮውን ጫፉ ላይ አስቀምጬ መዶሻውን አነሣሁ። አልመታሁም። ከዚያ ሁለቱንም ኪሴ ከትቼ ታንኩን በሙሉመቤት ነጠላ ጠቀለልኩትና እንደ ሕፃን ታቅፌ ወደ አዴር ቤት ሄድኩ።

ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። መንገድ ላይ የምለውን ሳጠና ነበር የመጣሁት፤ ስገባ ሁሉም ጠፋኝ።

«አዴር፣ እኔ... ጉዳት መስሎኝ ነው። ስቱኮውን አንስቻለሁ። ግን በግራይንደር ነክቼዋለሁ። አንዱ መስመር መሀሉ የለም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ከፈለጉ መሮ ይዣለሁ።»

ታንኩን ከእጄ ተቀብለው ጭናቸው ላይ አደረጉት። በጣታቸው ማጭዷን ተከተሉ። ረጅሙን ከላይ እስከ ታች ሄዱበት፤ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ፈገግ አሉ። ከዚያ አጭሩ ላይ መጡ። ጣታቸው ከአንዱ ጫፍ ተነሥቶ በባዶው ላይ ቀስ ብሎ አለፈና ሌላውን ጫፍ አገኘ። ተመልሰው እንደገና ሄዱበት።

«መሮውን ስጠኝ» አሉ።

ሰጠኋቸው። አዩትና ከጎናቸው አስቀመጡት።

«አንተ ብትመታው ቀጥ ይላል። ሙና ቀጥ የሚባል አታውቅም ነበር። ቤት ስትሠራ እንኳ ቤቱ ይዘማል።» ጣታቸውን ከባዶው ላይ አላነሡም። «ግመል ሲያረጅ ጠጉሩ ምልክቱን ይሸፍነዋል። ባለቤቱ በእጁ ያገኘዋል። አግኝቼዋለሁ።»

«መልሼ ልቀባው? ስስ አድርጌ፣ ሳልሞላው?»

«አትቀባው።»

«ይዝጋል፣ አዴር።»

«እጅ የሚያርፍበት ብረት አይዝግም።»

በማግስቱ ነዷት። እግራቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ እሷም ሰማያዊ ጭስ እያስነጠሰች፣ ግራ እጃቸው እዚያው። ከዚያ በኋላ ዓመት ከመንፈቅ ያህል በየሳምንቱ በደገሀቡር መንገድ ወጥተው ሜዳውን አይተው ይመለሱ ነበር። ያዩትን ይነግሩኛል፤ የት እንደበቀለ፣ የማን መንጋ የት እንዳለ። እኔ ግመልና ግመል የማልለይ ሰው የአሥር ሰው ምልክት አወቅኩ። እውነትም ያ ባዶ ቦታ አልዛገም። እንደ መስታወት አበራ።

በ2016 ሚያዝያ፣ ሶማሌዎች ጉ የሚሉት ዝናብ ጥሩ ጣለ። መንጋው ላለቀበት ሰው ዘመድ አንድ አንድ ግመል አዋጥቶ ይሰጣል፤ ይህ እዚህ ልማድ ነው። የወንድማቸው ልጅ ዐብዲረዛቅ ደውሎ አራት ግመሎች ተዋጥተዋል አላቸው። በሳምንቱ ላንድክሩዘር ይዞ ሊወስዳቸው መጣ። ዋርዳ ለንግዷ ቀረች። ዐዳይን ግን መውሰድ አልቻሉም፤ የሚሄዱበት ቦታ ቤንዚን የለም።

«ብወስዳትም ከአዲሶቹ ጋር ትቀናናለች» አሉኝ። መኪናው ውስጥ ገብተው በመስኮት እጃቸውን አወጡ። «ጠብቅልኝ። ዝናብ ሲያባራ እመጣለሁ። እጅህን አድርግባት።»

መጀመሪያ ላይ ይደውሉ ነበር። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ፣ «እጅህን አደረግክ?» ይላሉ። «አድርጌአለሁ» እላለሁ። ከኋላ የግመል ድምፅ ይሰማኛል። አንድ ቀን የመጀመሪያዋ ወልዳለች፣ ልጇ ነጣ ያለች ናት አሉኝ። ምን ብለው እንደሰየሟት አልጠየቅኩም፤ ይህን አለመጠየቄ ግን ስለማውቀው ነው።

አሁን ከተደዋወልን ስምንት ወር አልፏል። ስልካቸው አይነሣም። ዋርዳ ከወተት መኪናው ሾፌሮች ትጠይቃለች፤ ግጦሽ ተከትለው ኔትወርክ ወደሌለበት ገብተዋል አሏት። ሳር ካለ ሰው አይቸኩልም ትለኛለች። እሷም ግን መኪናው በመጣ ቁጥር ከጀሪካኑ በፊት የሾፌሩን ፊት ነው የምታየው። እኔም ሥራ ይዤ ሳለ በአዴር በር ላይ ያለችውን ድንጋይ አየት አደርጋለሁ።

ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመሬ በፊት ላስቲኩን ገልጬ ግራ እጄን አሳርፍባታለሁ። ማጭዷን፣ ረጅሙን፣ ከዚያ ጫፉን፣ ባዶውን፣ ሌላውን ጫፍ። የኔ መዳፍ ከሳቸው ያንሳል። በአውራ ጣታቸው በኩል፣ እጄ በማይደርስበት ዳር፣ እንደ ክር የቀጠነ ዝገት ጀምሯል። ሙሉመቤት ዘይት ቀባው አለችኝ። ዘይት አለ። እኔ ግን እጄን ወደዚያ እየዘረጋሁ ነው።